ኦርሰን ፊልብሪክ ድምፁን ያጣበት ቅዳሜ

ኦርሰን ፊልብሪክ ከሜይን ተነስቶ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች የመጣው የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ዝም ሲያሰኝ የኖረ፣ ማስነጠስ ሲመጣበት እንኳ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ነበር። ጉዱ እንዲህ ያለው ሰው ዊኖና ሃቺንስን ማግባቱ ነው። ዊኖና በሳምንቱ ቀናት የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቁጥር ሠላሳ ስምንት የተጻፈባትን የውድድር መኪና።

መኪናዋን የሚሠራላት አባቷ ቨርጂል ነው። ኦርሰን ከአማቱ ጋር የተቀያየመው ገና በሠርጉ እራት ላይ ነበር። ጨዋታ ለመፍጠር ብሎ፣ «ሚስተር ቨርጂል፣ መኪኖቹ ወደ ግራ ብቻ እየዞሩ የተነሱበት የሚመለሱ ከሆነ ለምን መጀመሪያውኑ እዚያው አይቆሙም?» ሲል ጠየቀ። የሃቺንስ ዘመድ በሙሉ ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቨርጂል የጋራዡን በር ለአማቹ ከፍቶለት አያውቅም። ዊኖና ደግሞ ምሽቷን የምታሳልፈው እዚያ ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ ኦርሰን ስድስት ዓመት እራቱን ብቻውን በላ። ጋራዡና ቤታቸው አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ ሳቋ በግድግዳው በኩል ይሰማዋል።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ዊኖና አባቷን ለምና ኦርሰንን በውድድሩ ሜዳ መካኒኮቹ ወዳሉበት ቦታ አስገባችው።

«አደራህን፣ ምንም እንዳትናገር» አለችው።

አልተናገረም። ግን ባዶ እጁን መሄድ ነውር ስለመሰለው ከመንገድ ዳር አንድ ትልቅ ከረጢት የተቆላ ኦቾሎኒ ገዝቶ ነበርና የመኪናዋ ኮፈን ላይ አስቀመጠው። ጎማ የሚያጠብቀው ሰውዬ ቁልፉን ከእጁ ጣለ።

«ያ ምንድነው?» አለ ቨርጂል።

«ኦቾሎኒ ነው። ለሁላችሁም ይበቃል።»

«ከነቅርፊቱ?»

«ትኩስ ነው እኮ።»

«ወይ ፈጣሪዬ! ይሄ ሰውዬ ልጄን ሊገድላት ነው!»

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የኦቾሎኒ ቅርፊት መኪና አጠገብ ከታየ አደጋ ይመጣል። ለምን ቢባል ማንም አያውቅም፤ ደፍሮ የሚሞክረውም የለም። አንዱ ከረጢቱን በመጥረጊያ እየገፋ አስወጣ፣ ሌላው ኮፈኑን ሦስት ጊዜ ወለወለ። ኦርሰንም ከቆሻሻው ጋር ተጠረገ።

«አንተ የመጽሐፍ ሰውዬ፣ ሂድና ከተመልካቹ ጋር ተቀመጥ!» አለው ቨርጂል።

አራተኛው ኩርባ ፊት ለፊት፣ ሚስ ለርሊን ከሚባሉ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ጎን ቦታ አገኘ። ሴትዮዋ ጆሯቸውን በድምፅ መከላከያ ሸፍነው ሳንድዊች ይበላሉ።

«የማን ደጋፊ ነህ?»

«የሠላሳ ስምንት ባል ነኝ።»

«ታዲያ ለቅሶ ቤት ያለህ ይመስል ምን ኩርምት አድርጎሃል? ተነስ እንጂ!»

ተነሳ። ሞተሮቹ ሲያጓሩ ድምፁ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በጥርሱም ገባ። በአሥረኛው ዙር ቁጥሮቹን መለየት ቻለ፤ በሃያኛው ነገሩ ገባው። እነዚህ መኪኖች የትም ለመድረስ አይደለም የሚሮጡት፤ አንዷ ከሌላዋ አንድ ክንድ ቦታ ለመንጠቅ ነው። ዊኖና አንድ አንድ ክንድ እየነጠቀች ከዘጠነኛ ተነስታ ሁለተኛ ደረሰች።

«ግፊ! በውስጥ በኩል! ዊኖናዬ፣ በውስጥ!» የሚል የእብድ ጩኸት ሰማ። የማን እንደሆነ ለማየት ዞር ሲል ራሱ ኖሯል።

«አሁን ሰው ሆንክ!» አሉት ሚስ ለርሊን፤ ከሳንድዊቻቸውም ቆርሰው ሰጡት።

ሁለት ዙር ሲቀር፣ አራተኛው ኩርባ ላይ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር ከኋላ መጥቶ ገጫት። ሠላሳ ስምንት ተሽከረከረች፣ ግንቡን መታች፣ በጭስ ተዋጠች። ከዚያ መስኮቷን የሚሸፍነው መረብ ወረደና የዊኖና እጅ «ደህና ነኝ» እያለ ተውለበለበ። ኦርሰን ግን በሰው እግር ላይ እየረገጠ ወደ ታች መሮጥ ጀምሮ ነበር።

መኪናዋን ጎትተው አምጥተዋታል። መካኒኮቹ ኦርሰንን እንደ ነፍሰ ገዳይ አዩት። ቨርጂል ቀና ብሎም አላየው፤ ተንበርክኮ የመሪውን ዘንግ ይዳስሳል።

«ሐሙስ ዕለት የበየድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ብየዳው ለቆ ነው። ልጄን ግንብ ላይ የጣልኳት እኔ ነኝ።»

«አባ፣ ከኋላ የተመታሁ መሰለኝ እያልኩህ!» አለች ዊኖና።

«መሰለኝ ምን ያደርግልኛል!»

መካኒኮቹ ከቆሙበት ቦታ አራተኛው ኩርባ አይታይም። ኦርሰን አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም፤ ጩኸቱ ጨርሶታል። ቀረብ ብሎ በሹክሹክታና በእጁ አስረዳ።

«አሥራ ሁለት ቁጥር ነው የገጫት። የፊት ጎማዎቿ ግንቡን እስክትመታ ድረስ መሪውን ይታዘዙ ነበር። ብየዳህ አልለቀቀም።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«ለአንድ አፍታ እንኳ ዓይኔን አልነቀልኩም።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ግሪስ በጠገበ ጨርቅ ፊቱን አበሰና ጠቁሮ ብቅ አለ። ማልቀሱ ግልጽ ነበር፤ የኦርሰንም ዓይን ሞላ።

«ሰኞ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጋራዥ ና» አለ ቨርጂል ጉሮሮውን ጠርጎ። «ይቺን ቆርቆሮ ስናቃና የሚይዝልን ሰው እንፈልጋለን። ሰማህ?»

ኦርሰን «እሺ» ሊል ሞከረ፤ ምንም አልወጣም። ራሱን ነቀነቀ፤ ደግሞ ነቀነቀ፤ ምናልባት አላየኝ ይሆናል ብሎ ስለፈራ ለሦስተኛ ጊዜ ነቀነቀ።