ንጉሡን እጁ የከዳው ክረምት

ባሌ ንጉሡ በመካነ ሰላም ቀበሌ አዳራሽ ፒንግ ፖንግ ሲጫወት ያላየ ሰው ጨዋታ አይቻለሁ አይበል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ጠባዩ ዝምተኛ። ራኬት ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ይወጣዋል። እኔ ብርሀንነሽ፣ በነገር ማንም የማይረታኝ ሴት፣ ለዚያ እጁ ነው የተረታሁት።

ያስተማረው አብሮ አደጉ አምባቸው ነበር። አምባቸው መምህር ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ከዚያው አዳራሽ፣ ከጠረጴዛው ራስጌ፣ ራኬቱን እንደያዘ ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ አንድ የወረኢሉ ሹፌር አስከሬኑን በዓይኑ ማየቱን ለንጉሡ በሹክሹክታ ነገረው። ታዲያ ማን ደፍሮ መርዶ ይናገር? ለእንዲህ ያለ ሟች ማልቀስ ክልክል ነው። ከተማው ሁሉ እያወቀ እናቱን እትዬ አልታዬን ሸሻቸው። በደጃቸው ስናልፍ መሬት መሬት እያየን ነበር።

በተከታዩ ዓመት ክረምት ላይ ንጉሡን እጁ ከዳው። መጀመሪያ ስቄበታለሁ፤ እጅህን ማን ሰረቀህ እያልኩ አበሽቀው ነበር። ኳሷ ስትመጣ ያያታል፣ ይሰነዝራል፣ ራኬቱ ባዶ አየር ይቀዝፋል።

«ኳሷ በውስጤ የምታልፍ ነው የሚመስለኝ» አለኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲያ አልሳቅሁም።

ምክንያቱም ነገሩ በጨዋታው ብቻ አልቀረም። ጉም ወርዶ በዋለበት ቀን ከገበያ ስንመለስ የምናገኘው ሰው ሁሉ እኔን ደህና ዋልሽ ይለኛል፤ እሱን ግን፣ አጠገቤ ቆሞ፣ ማንም አይለውም። እህቴ ከወግዲ ልትጠይቀኝ መጥታ ባልሽ የት ሄደ አለችኝ። በሩ ሥር ተቀምጦ ቁልፍ ይተክል ነበር! የጎረቤት ውሻ ሲያየው ጸጉሩ ቆሞ ወደ ኋላው ያፈገፍጋል። ምን እዋሻለሁ፣ የገዛ ባሌን ፈራሁት።

በዚህ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ተረፈ አዲስ ነገር አመጣ። እስከዚያ ድረስ የቡድኑ ተጫዋቾች ከዘመቻ ይቀሩ ነበር። አሁን ግን ደሴ ለሚደረገው ውድድር ቡድኑ ሊቀነስ ነው፤ ቅዳሜ ተጋጥሞ የተሸነፈ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ሰሜን ይጫናል ተባለ። ከሰፈራችን ወደዚያ ከሄዱት አንድም ሲመለስ አላየንም። እኔ ደግሞ እርጉዝ ነኝ። ልጄ አባቱን ሳያይ ሊወለድ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ሐሙስ ከሰዓት መቀሱን ከእጁ ቀምቼ አፋጠጥኩት። ምን አድርገህ ነው? ምን ነክተህ ነው? ብዙ ለፍቼ ነው ያወጣሁት። ሹፌሩ ያንን ከነገረው በኋላ ጓደኛው ያለ ፍትሐት መቅረቱ አላስቀምጥ ብሎት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ተደብቆ መምሬ አጥናፉ ዘንድ ሄዷል። መምሬ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁት። እሱ ደግሞ አያውቀውም። እናት የልጇን የክርስትና ስም ለጎረቤት አትናገርም፤ ደጋሚ ሰምቶ እንዳይተበትብባት ትሰውረዋለች። እትዬ አልታዬን ሄዶ መጠየቅ ማለት ደግሞ መርዶ መንገር ነው።

«ታዲያ የማንን ስም ሰጠህ?» አልኩት።

«የራሴን» አለ። «ማንን ማለቴ እንደሆነ እግዜር ያውቃል ብዬ።»

አንተ ቂል፣ በቁምህ ራስህን አስፈትተህ ኖሯል! ብዬ ጮህኩበት፤ ከዚያ አቅፌው አለቀስኩ። ገላው ቀዝቃዛ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እጁን ይዤ እየጎተትኩ እትዬ አልታዬ ዘንድ ወሰድኩት። ጉሙ ከደጃፋቸው ድረስ ገብቷል። በሩን ከፍተው ቀጥ ብለው እሱን አዩት። በዚያ ክረምት ከእኔ ሌላ ዓይኑን ያየው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«እትዬ፣ የአምባቸውን የክርስትና ስም ፈልጌ ነው» አላቸው።

ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የከረምኩት» አሉ። «ተክለ ሃይማኖት ነው።»

መርዶው ይኸው ነበር። ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረቤት የቀበሌ ጥበቃ ነውና የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መምሬ አጥናፉ ቅዳሜ ማለዳ ፍትሐቱን በትክክለኛው ስም አደረሱ። ንጉሡንም ጠበል ረጭተው፣ ስሙን ከሕያዋን ጋር ጠርተው ጸለዩለት።

ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ተጋጣሚው አንድ ረዥም የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኳሶች እንደ ልማዳቸው ንጉሡን አልፈውት ሄዱ። አበቃልን ብዬ ሆዴን ያዝኩ። ያኔ እትዬ አልታዬ ገቡ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገዋል። ሄደው ከጠረጴዛው ራስጌ፣ ልጃቸው ከተያዘበት ቦታ ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላውን አይተን እርስ በርስ ተያየን።

ንጉሡ ቀና ብሎ አያቸው። ቀጣይዋን ኳስ መታት። ከዚያ በኋላ አንድም አልሳተም። አመታቱ ግን የእሱ አልነበረም፤ ያ ከላይ ወደ ታች የሚጠመዝዘው የአምባቸው አመታት ነበር። ማታ ስጠይቀው፣ ራኬቱን ብቻዬን አልያዝኩትም አለኝ፤ ዳግመኛ አልጠየቅሁትም።

የመጨረሻዋ ኳስ ጸሐፊውን አልፋ መሬት ስትነካ እትዬ አልታዬ ደረታቸውን መቱ። «ልጄ! ልጄን!» ብለው አዳራሹን በጩኸት ሞሉት፤ ዓመት ሙሉ የታፈነው ለቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ። ሴቶቹ ሁሉ ተከተልናቸው። ተረፈ በንጉሡ ድል የፈነደቅን መስሎት ከመቀመጫው ተነሣ፤ ሁላችሁም አጨብጭቡ ብሎ አዘዘ። እኛም እያጨበጨብን አምባቸውን አለቀስንለት።