ፍሬ የማትሰጠው የሰመራ ግራር

ሰኞ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ስነሳ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ጠርሙስ ይበዛ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ፤ የማጠናው ሙጫ የሚሰጠውን የቆላ ግራር ነው። ይህ ዛፍ ብዙውን ጊዜ ከእናቱ አሥራ ሦስት፣ ከአባቱም አሥራ ሦስት ክሮሞዞም ይወርሳል። አንዳንዱ ግን የአሥራ ሦስቱን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይዞ ይገኛል፤ ከአንድ የዛፍ ዓይነት ሌላ ዓይነት የሚወለድበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው። ይህን ለማየት ገና ያልፈካ እምቡጥ ያስፈልገኛል። ክሮሞዞሞቹ ተጣምረው የሚለያዩት የአበባው ብናኝ ሲሠራ፣ እምቡጡ ሳይከፈት ነውና። ዓምና ዘግይቼ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ዘንድሮም ካልተሳካ ጥናቱ እንደሚዘጋ ተነግሮኛል።

አዋሽ

በአውቶቡስ መተሐራን አልፈን አዋሽ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። አልጋ የያዝኩበት ቤት ማራገቢያ ያለውን ክፍል በስድስት መቶ ብር ሰጡኝ። ማራገቢያው ትኩሱን አየር ከማዞር በቀር ብዙም አልፈየደልኝም።

በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ አዋሽ አርባ ሄድኩ። ዛፎቹን ገና ከሩቅ ሳያቸው ዘንድሮም እንደዘገየሁ ገባኝ፤ ሁሉም ነጭ አበባ ለብሰዋል፣ ንብ ይርመሰመስባቸዋል። ዝናቡ ቀድሞ ጥሎ ነበርና ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ብፈልግ አንድ ጥሩ እምቡጥ አጣሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ውኃዬን ጠጣሁ። የቀረኝ ወደ ሰሜን መቀጠል ብቻ ነበር።

ወደ ሰመራ

የመልካ ወረርን የጥጥ እርሻ ካለፍን በኋላ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው ፕሮሶፒስ ነው። ከውጭ መጥቶ ግጦሹን የወረሰ እሾኻም ዛፍ ነው። ግመሎች አስፋልቱን እስኪሻገሩ ሁለት ጊዜ ቆምን። ሰመራ ጥግ ያለችው ሎጊያ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው።

እዚያ ቁርስ ቤት ያለውን ሰይድን አገኘሁት። የወሎ ሰው ነው፤ ሎጊያ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ አፋርኛም እንደ አገሬው ይናገራል። የመጣሁበትን ነገርኩት።

“ሙጫ ያለውን ግራር ነው የምትይው? እሱን ወተት የምታመጣልኝ ሐዋ ታውቃለች። ጠዋት እወስድሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።”

ረቡዕ ጠዋት

ሐዋ አምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ባሏ ሞቶ ከነፍየሎቿ ከባሏ ወንድም ከሁመድ ጋር ትኖራለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ደረቅ ወንዝ ወሰደችን። እዚያ ዝናቡ የጣለው ዘግይቶ ኖሮ ዛፎቹ ገና እያቆጠቆጡ ነው። እምቡጡን ሳይ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እምቡጡ ሳይበላሽ እንዲቆይ ከአልኮልና ከአሲድ በቀላቀልኩት ፈሳሽ ጠርሙሶቹን ሞልቼ እየለቀምኩ መክተት ጀመርኩ።

ከሁሉም የምትገዝፈው ዛፍ ጋ ስደርስ ሐዋ “እሷን ተያት” አለችኝ።

“ለምን?”

“በየዓመቱ ታብባለች፤ ፍሬ ግን የላትም። ፍየሎቼም ትተዋታል። መካን ናት።”

እጄ ቅርንጫፉ ላይ ቀረ። “አንድም ፍሬ አይተሽባት አታውቂም?”

“አንዴ ሁለት አየሁ። ፍየል በላው።”

ይህን እያወራን ሁመድ መጥረቢያ ተሸክሞ መጣ። ለበረቱ አጥር ሊቆርጣት ነው። እንደ ሐዋ አማርኛ ስለማይችል ሰይድ ተረጎመልን።

“ፍሬ ከሌላት ለምን ትቆማለች ይልሻል።”

“ሰይድ፣ እናንተ አገር በቅሎ አለ አይደል? ለምን አትወልድም?”

“እናቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ! ይኼን የማያውቅ አለ?”

“ይህችም እንደዚያ ሳትሆን አትቀርም። ሦስት እጥፍ ክሮሞዞም ካላት ሁለቱ ሲጣመሩ ሦስተኛው ጓደኛ ያጣል። አልፎ አልፎ ፍሬ ከያዘች ግን ከእሷ አዲስ ዓይነት ዛፍ ሊወለድ ይችላል።”

ሰይድ በእጁም በአፉም አስረዳው። ሁመድ ዛፏን ቀና ብሎ አይቶ አንድ ነገር ጠየቀ።

“እርግጠኛ ናት ወይ ይላል።”

ልዋሽ ቃጣኝ። “አይደለሁም” አልኩ። “አዲስ አበባ ገብቼ በማይክሮስኮፕ ሳላየው እርግጠኛ አልሆንም። ለአጥሩ ፕሮሶፒስ አይሆንም?”

ሁመድ መዳፉን ዘርግቶ የፕሮሶፒስ እሾህ ወግቶት ያመረቀዘ ቁስል አሳየኝ። ሰይድ ሳቀና “ጓንት አለኝ፤ ነገ አብሬህ እቆርጣለሁ” አለው። ሁመድ መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖረ። አንድ ሳምንት ሰጠኝ። ከእሷም እምቡጥ ለቅሜ ለብቻው ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ።

አዲስ አበባ

ሐሙስ ማታ ቤቴ ገባሁ። ዓርብ ጠዋት ከትልቋ ዛፍ እምቡጥ ላይ ብናኝ የያዘውን ክፍል አውጥቼ ቀይ ቀለም ጨመርኩበት፣ ጨፍልቄም በማይክሮስኮፕ አየሁት። ከክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ አሉ፤ ሦስት ሆነው የተያያዙ አሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ ብቻቸውን ከዳር ቀርተዋል። ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። የጎረቤቶቿ ሃያ ስድስት ነው።

ሰይድ ጋ ስደውል ሐዋ አጠገቡ ነበረች።

“ሐዋ፣ ዛፏ ሦስት እጥፍ ናት።”

“እና ጥፋቷ አይደለም?”

“አይደለም። ስትፈጠርም እንደዚያው ናት።”

“መካን እያልኩ ስሰድባት ነው የኖርኩት” አለች ቀስ ብላ። “ሁመድ አጥሩን ጨርሷል፤ ለእሱም እነግረዋለሁ። ፍሬ ከያዘች ፍየሎቹን አስሬ እደውልልሻለሁ።”

እስከ ዛሬ ቆላ ስወርድ የምጠይቀው ሰው ደህና አድርጎ የሚያፈራውን ዛፍ እንዲያሳየኝ ነበር። ለዓመታት ስፈልጋት የኖርኩትን ዛፍ ያገኘሁት ሐዋ “ተያት” ስላለችኝ ነው። ከእንግዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው የማያፈራው የቱ እንደሆነ ነው።