የፅጌ እናት መቃብር

ዘመነች እባላለሁ። ኮልፌ ውስጥ የእኔን ያህል የሰው ልብስ ያጠበች ሴት ካለች ትምጣና እጇን ታሳየኝ። የጃንሆይ ዘመን ነው የማወራችሁ። ባሌ ግንበኛ ነበር፤ ከፎቅ ላይ ወድቆ ሲሞት ልጃችን ፅጌ ጡት እንኳ አልጣለችም። እሷን አዝዬ ከጦር ኃይሎች እስከ አስኮ ያላንኳኳሁት በር የለም። "ልጅ ያላትንማ አንፈልግም" ይሉኛል፤ ልጅ ማዘል እከክ ይመስል!

ሦስት ዓመት ሲሞላት ሳል ያዛትና ልትሞትብኝ ሆነ። ሰፈራችን ውስጥ የፈረንጅ ሚሲዮን የከፈተው የሕፃናት ቤት ነበር። ወተት አለ፣ ሐኪም አለ፣ አልጋ አለ። የሚቀበሉት ግን እናትም አባትም የሌለውን ልጅ ብቻ ነው። ሄድኩና "የሟች እህቴ ልጅ ናት" አልኩ። እህት ልትሞትብኝ ቀርቶ፣ ድሮውንም እህት የለኝም። "ስሟ ማን ነበር?" ሲሉኝ ደግሞ ሌላ ስም ጠፍቶኝ "ወለተጻድቅ" አልኳቸው። የክርስትና ስሜ ነው፤ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው የለም።

የቤቱ ኃላፊ ሲስተር ብሪታ አዘነችልኝ። "አንተ ጎበዝ አክስት ነህ፣ እዚህ ልብስ እጠብ" አለችኝ። ስንት ዓመት አገራችን ኖራ ወንድና ሴት መለየት አልሆንላት ብሎ ነው እንጂ ደግ ሴት ነበረች። እንዲህ ሆኖ ልጄን በየቀኑ አያት ጀመር። ሳሉ ለቀቃት፣ ፊቷ ሞላ፣ "አክስቴ!" እያለች እየሮጠች ትመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን "እማዬ" እንዳትል ጆሮዋን እየቆነጠጥኩ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። በኋላ መቆንጠጡም አላስፈለገኝ። ተስማማሽ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ ተስማማኝ። ልጄ ትበላለች፣ እኔም እበላለሁ፣ ማን ተጎዳ እል ነበር።

የፈረንጆቹ ገና ከእኛ አሥራ ሦስት ቀን ቀድሞ በጾም መሃል ይመጣል። በዚያ ሰሞን ከባሕር ማዶ ለልጆቹ ስጦታ ይጎርፋል። እያንዳንዱ ልጅ በስሙ የሚልክለት ሰው አለው። ለፅጌ የምትልከው አንዲት ባልቴት ነበረች፤ አይታት አታውቅም፣ ግን በየዓመቱ በእጇ የሠራችውን ሹራብ ትልክላታለች። በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ፅጌ ሰባት ዓመት ሲሆናት፣ ከሹራቡ ጋር አንድ ወፍራም ነጭ ሻማ መጣ።

ሲስተር ደብዳቤውን አንብባ ዓይኗ እንባ ሞላ። "በእኛ አገር በገና ሰው ሁሉ ዘመዱ መቃብር ላይ ሻማ ያበራል። ይሄ ለፅጌ እናት ነው። መቃብር የት ነው? ነገ እንሄዳለን፣ ፎቶ አንስተን ለባልቴት እንልካለን" አለችኝ። ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። "ቀራንዮ" አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጎረቤቴ ሃጂራ ዘንድ ሄድኩ። ፅጌን ያዋለደችኝ እሷ ናት፤ ለሚሲዮኑ የዋሸሁትንም የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

"አንቺ ሴት አብደሻል? በቁምሽ መቃብርሽን ልታሳዪ ነው? ሂጂና እናቷ ነኝ በያት!"

"ከዚያስ? ቢያባርሯትስ? ሳሉ ቢመለስባትስ?"

"እሱን አላህ ያውቃል። ነገ ግን ልጅሽ የምታለቅሰው አንቺን ነው" አለችኝ።

ተቆጥቼ በሩን ወርውሬባት ወጣሁ። እውነት የነገረኝን ሰው መቆጣት ልማዴ ነው።

በነጋታው ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባን። ስም የሌለው፣ የእንጨት መስቀሉ የዘመመ መቃብር ፈልጌ "ይሄ ነው" አልኩ። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ነፍሱን ይማር። ሲስተር ሻማውን አበራችላት፣ ፅጌም በአዲሱ ቀይ ሹራቧ ተንበረከከች። እኔ እንደ ጨዋታ ታየዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አፈሩን በመዳፏ ደባበሰችና "እማዬ" አለች። ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ የሰማሁት ቃል ነው። "እማዬ፣ ይበርድሻል?" አለችው አፈሩን። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ፤ እጄን ብዘረጋ ጸጉሯን እነካዋለሁ። ሲስተር የእህቴ ሐዘን ያገረሸብኝ መስሏት አቀፈችኝ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በእኛ ገና ልጆቹ ዘመድ ቤት እንዲውሉ ይፈቀድላቸዋል። ፅጌን ቤቴ አመጣኋትና ዶሮ ሠርቼ አጎረስኳት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልብሱ ላይ አቀርቅሬ ስለማመደው የከረምኩትን ተናገርኩ።

"ፅጌዬ፣ እናትሽ አልሞተችም። እናትሽ እኔ ነኝ።"

ማኘኳን አቆመች። "አይደለሽም! እናቴ ቀራንዮ ናት፣ ሻማ አብርተንላታል። ለሲስተር ነው የምነግርብሽ!"

ሳሉ፣ ወተቱ፣ አልጋው፣ የእኔም እንጀራ ባንዴ ታየኝ። "ቀልዴን ነው እኮ፣ አንቺ ሞኝ! አክስትሽ ነኝ" አልኩና ሳቅሁ። ሳቅሁ ነው የምላችሁ! እሷም ሳቀችና ሁለተኛውን ጎረሰች።

ከዚያ ወዲህ ድፍረቱ አልመጣልኝም። አብዮቱ ሲመጣ ሲስተር አገሯ ገባች፣ ቤቱም ተዘጋ፣ ፅጌም እኔው ዘንድ መጣች። የሚያባርረን ሰው አልነበረም፤ ያኔ ደግሞ ምን ብዬ ልንገራት? ይኸው እያፈርኩ አረጀሁ።

ፅጌ ዛሬ የልጆች እናት ናት። አስኮ ትኖራለች፣ እኔንም ክፉ ቀን አታሳየኝም። በየዓመቱ ለገና ሻማ ገዝታ ትመጣና ቀራንዮ አብረን እንሄዳለን። የዘመመውን መስቀል አስነቅላ የብረት አሠርታለች፤ "ወለተጻድቅ" የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ሻማውን ነፋስ እንዳያጠፋባት በነጠላዋ ከለል ታደርግና "አክስቴ፣ ክብሪቱን አቀብዪኝ" ትለኛለች።

አቀብላታለሁ።