ያጠረው የኳስ ዘመን ለፍርድ ሲቀርብ

ከሰኞ እስከ ዓርብ በሰው ክፍል ውስጥ ረዳት አስተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን የራሴ ክፍል ነበረኝ። አሜሪካ ውስጥ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለች አንዲት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ክፍል ውስጥ፣ እዚህ ተወልደው ላደጉ ወይም ሕፃን ሆነው ለመጡ ልጆች አማርኛ አስተምር ነበር። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ እደረድራለሁ፣ የቀኑን ትምህርት ሰሌዳው ጥግ ላይ እጽፋለሁ፣ ያልተጠየቅሁትንም ጭምር አብራራለሁ።

በዚያ መኸር የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ ደወሉልኝ። የኤርፖርት ሻትል የሚነዱ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ደግሞ የሚማሩትን አይናገሩትም። እስከ ሰኔ ከምንጎትተው ኅዳር ላይ፣ ለታንክስጊቪንግ በዓል እናቁመው። አጠር ሲል ለእነሱም ይጠቅማል። ክፍሉን ለኳየሩ ልምምድ እንሰጠዋለን።"

ክፍሉ ከተዘጋ ተመልሶ እንደማይከፈት አውቄአለሁ። "ጋሼ፣ ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ቀን መጥተው ይዩን" አልኳቸው። የሚመጣውን ሳይሆን የዚያን ተከታይ ቅዳሜ እንደሚመጡ ነገሩኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አዲስ ተማሪ መጣ። የአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዬ ታላቅ ወንድም ነው። ኮሌጅ የገባው በዚያው ዓመት ሲሆን የአሜሪካ እግር ኳስ ይጫወታል። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ እንደ ፓፓያ ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ ተይዞ ይሮጥበታል። የኮሌጅ ጨዋታ ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ክፍላችንን አይቶት አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ግን የተጋጣሚዎቻቸው ልጆች በአሳማ ጉንፋን ተኙና የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ተሰረዙ። እናቱ ደግሞ "ቅዳሜህ ባዶ ከሆነ አማርኛ ተማር" ብላ ላከችው።

ገና ሳይቀመጥ ከእህቱ ጋር ተያያዙ። ጨዋታው መቅረቱ በደል ነው ይላል እሱ። እሷ ደግሞ የቀሩት ሁለቱ ተጋጣሚዎች ኃይለኞች ስለነበሩ ጉንፋኑ አዳናችሁ ትላለች። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው።

"በአማርኛ" አልኳቸው።

ሁለቱም ክርክራቸውን ትተው ወንበር ፈለጉ። ይህን ሳይ ሰብሳቢው ያሉትን አስታወስኩ። ያን ጊዜ ነው የቀኑን ትምህርት ከሰሌዳው ላይ አጥፍቼ ስለ ድሮ ሙግት ያስረዳኋቸው። ድሮ ባላጋራዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ የሚያልፈውን ሰው አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል። ነጠላቸውን አደግድገው ይቆማሉ። አንዱ "ተጠየቅ" ይላል፣ ሌላው "ልጠየቅ" ይላል፤ ከዚያ በነገር ይፋለማሉ። ውርርድም አለ፤ አንዱ ማር ይላል፣ ሌላው በቅሎ።

"እኛ በቅሎ የለንም፣ ቲቸር" አለች እህቱ። "የእሁድ ሳህን ይሁን። የተረታ እስከ ሰኔ ያጥባል።"

"ሶ፣ አሁኑኑ ጓንትሽን ግዢ" አላት።

ሳምንቱን ሙሉ ቃል ሲጠይቁኝ ሰነበቱ። እናታቸው ደግሞ ደውላ "ቤቴን ችሎት አደረግሽው፤ ጨው አቀብለኝ ስለው እንኳን ተጠየቂ ይለኛል" አለችኝ። ደስታዋን ልትደብቀው ሞክራ አልቻለችም።

በተከታዩ ቅዳሜ ሰብሳቢው የመኪና ቁልፋቸውን በእጃቸው እንደያዙ ገቡ። ሊቀመጡ አላሰቡም። እህትየው የእናቷን ነጠላ አደግድጋ፣ ወንድምየው የቡድኑን ጃኬት ወገቡ ላይ አስሮ ፊታቸው ቆሙ።

"ጋሼ፣ መንገደኛ ነዎት። ይዳኙን" አለች እህትየው።

ሰብሳቢው እኔን አዩኝ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "አባቴ በሬዎቹን የጨረሰው በሙግት ነው" አሉ። "ቀጥሉ።"

"ተጠየቂ" አለ ወንድምየው።

"ልጠየቅ።"

"መጀመሪያ ላይ ቡድናችን አይተዋወቅም ነበር። ኳስ ወርዋሪው ወደ ቀኝ ሲወረውር ሯጩ ወደ ግራ ይሄዳል። በኋላ ግን ሳይተያዩ ይገናኙ ጀመር። ልክ ስንገጣጠም አስቆሙን። ይህ ምን ይጠቅማል?"

"ተጠየቅ።"

"ልጠየቅ።"

"ተገጣጠምን ያልከው ልትሰበሩ ስትሉ ነው። የወርዋሪያችሁ ትከሻ በበረዶ ታስሮ ነበር። አንተስ ደረጃ የምትወርደው የኋሊት አልነበረም?"

"የኋሊት?" አሉ ዳኛው።

"አዎ፣ ጋሼ። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት። እማዬ ጀርባውን አይታ ሌባ መስሏት ጮኻለች።"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ያንን እንኳ እኔ አላስተማርኳትም። "የቡድኑ ልጆች ብዙ አሸንፈዋል። አሁን ያርፋሉ፣ ይድናሉ፤ ለከርሞ በሙሉ ጉልበት ይነሳሉ። ሲጣፍጥ ማቆም ነው፣ ጋሼ።"

ሰብሳቢው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። በልቤ አለቀልን አልኩ፤ በስልክ የነገሩኝን ራሱን ነበር የደገመችላቸው።

ወንድምየው "ማለቴ..." ብሎ ቆመ። ከንፈሩ ላይ እንግሊዝኛው መጥቶ ሲመለስ ይታየኝ ነበር። አፌን ልከፍት ስል እህቱ በዓይኗ ከለከለችኝ።

"ዓምና እማዬ የምትሠራበት መጋዘን የሥራ ሰዓቷን ቀነሰባት" አለ ቀስ ብሎ። "ቤት ዋለች። እግሯ ዐረፈ። ሰዎች እሰይ፣ ዐረፍሽ አሏት። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ታድር ነበር። ዕረፍት አልጠየቀችም፣ ጋሼ። እኛም አልጠየቅንም።"

እህትየው የተፈታውን የነጠላዋን ጫፍ መልሳ አሰረች።

"ተጠየቅ" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "የቀሩትን ሁለቱን ታሸንፉ ነበር?"

"ልጠየቅ። አላውቅም። እሱን ለማወቅ ነበር የፈለግሁት።"

ሰብሳቢው ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ይህን የሚመሰክር ከቡድኑ አለ?"

"አለ። ኳስ ወርዋሪው ራሱ። ግን አማርኛ አይችልም።"

"አስተርጓሚ ይቆምለታል። ምስክር ሳይሰማ አይፈረድም። ችሎቱ ለሚመጣው ቅዳሜ ተቀጥሯል።"

ልጆቹ እየተንጫጩ ሲወጡ ተከተልኳቸው። "ጋሼ፣ የክፍሉስ ነገር?"

"ሙግት ሳያልቅ ችሎት ይዘጋል እንዴ፣ ልጄ? ኳየሩ አዳራሹ ውስጥ ይለማመድ።"

በቀጠሮው ቀን ወንበር አነሰን። ወሬው በየአፓርታማው ደርሶ ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ስማቸውን መዝግቤ የማላውቅ ልጆች ከፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ኳስ ወርዋሪው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባና የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ወንድምና እህት ግራና ቀኙ ቆመው ተረጎሙለት።

"ትከሻዬ ያምመኝ ነበር፣ ብሏል" አለች እሷ።

"ግን እጫወት ነበር፣ ብሏል። እሱን ዋጥሽው።"

"ገና ልል ነው። አትቸኩል፣ ይህ ሜዳ አይደለም።"

ዳኛው ምስክሩን እያስደገሙ ጠየቁ። በመጨረሻም ነገሩ ያልጠራ መሆኑን ገልጸው ቀጠሩ። ሌላ ቅዳሜም ቀጠሩ። በመካከል ሌሎች ልጆች የየራሳቸውን ጠብ ይዘው መጡ፤ እኔም ሰሌዳው ጥግ ላይ የቀኑን ትምህርት መጻፍ ትቼ የባላጋራዎችን ተራ መጻፍ ጀመርኩ።

ሰኔ ላይ ክፍሉ ሙሉ ዓመቱን ጨርሶ፣ ፍርድ እንሰማለን ብለን ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ተነሥተው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"ያጠረው የኳስ ዘመን ጠቅሞ እንደሆነ የሚታየው ቡድኑ እንደገና ሲጫወት ነው" አሉ። "ስለዚህ ለመስከረም ቀጥሬአለሁ። እስከዚያ ሳህኑን ሁለቱም ያጥባሉ።"

ወንድምና እህት በአንድ ድምፅ ይግባኝ ጠየቁ፤ ያውም ጥርት ባለ አማርኛ።