ሻምበል ያልነኩት ቁልፍ

የሥራ ባልደረቦቿ «ሰዓት ሠሪዋ» ይሏታል። ሰዓት ግን ሠርታ አታውቅም፤ የእጇ ሰዓት እንኳ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ስሙ የወጣላት በሌላ ነው። የዱሮ የኮምፒውተር ጌሞች ሲሠሩ ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ነበርና፣ ሠሪዎቹ የጌሙን እርምጃ በዚያው በዘገምተኛው ማሽን ትንፋሽ ልክ ሰፉት። ዛሬ ያንኑ ጌም በአዲስ ኮምፒውተር ብትከፍቱት ወታደሩ እንደ ቁንጫ ይዘላል፣ መኪናው ገና ሲነሳ ግድግዳ ውስጥ ነው፣ ተጫዋቹም ጣቱን ኪቦርዱ ላይ ሳያሳርፍ ሞቶ ያርፈዋል። ያንን ያበደ ጊዜ ማረጋጋት ነው የእሷ ሥራ።

የምትሠራው ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። መደብር ይባላል እንጂ መደርደሪያም ደንበኛም አይታይበትም፤ የገዛ ሰው ካለበት ሆኖ ጌሙን በኢንተርኔት ያወርዳል። ሥራ አስኪያጁ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው፤ ከተዘጉ ሃያ ዓመት የሆናቸውን የጌም ኩባንያዎች ወራሾች እያፈላለገ የመሸጥ ፈቃድ ይለምናል። አንዴማ ያገኘው ባለመብት የጥርስ ሐኪም ሆኖ ነበር። በወጣትነቱ ጌም መሥራቱን ጭራሽ ረስቶት «ጥርስዎን ያምዎታል?» እያለ አስቸግሮታል። ሦስተኛው ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ጌም መግለጫ የሚጽፈው ነው። ምላሱ ስለማያርፍ «ማስታወቂያ» ይሉታል።

ከሰዓት ሠሪዋ ጠረጴዛ በላይ በእጇ የጻፈቻት አንዲት ካርድ ተለጥፋለች፦ «እንደነበረ»። ሕጓ ይህ ነው። አትጨምርም፣ አትቀንስም። ጌሙ ውስጥ የፊደል ግድፈት ብታይ እንኳ አትነካውም። «ስህተቱም የሠሪዎቹ ነው» ትላለች።

የጌሞቹ ፈታኝ ደግሞ አባቷ ናቸው። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደረጃውን አንድ ባንድ እየረገጡ ይወጣሉ፤ ባርኔጣቸውን በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፤ ባለአራት ማዕዘን መስመር ደብተራቸውንና ሁለት እርሳሳቸውን አውጥተው ይቀመጣሉ። ወጣት ፈታኝ የሚሄደው በመንገዱ ነው፤ የት እንደሚኬድ ያውቃላ! እሳቸው ግን ግድግዳውን ሁሉ ይዳብሳሉ፣ የተዘጋውን በር ሁሉ ይገፋሉ፣ ያዩትን ሁሉ በእርሳስ ካርታ ይሥሉታል። ሌላው በወር የማያገኘውን ብልሽት በሁለት ቀን ያወጡታል። ቀጥ ያለ ጀርባቸውን ያየ ጎረቤት «ሻምበል» ብሎ ከሾማቸው ቆይቷል። ማዕረጉን ተቀብለውም፣ አልቀበልም ብለውም አያውቁም።

«ሻምበል፣ ዛሬ የቱን ከተማ ያዙ?» ይላል ማስታወቂያ።

«ከተማ የሚይዘው ጄኔራል ነው። እኔ ገና ጫማዬን እያሰርኩ ነው።»

አባትና ልጅ በኮምፒውተር የተዛመዱት ዛሬ አይደለም። እሷ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሻምበል ከጦሩ ወጥተው መጋዘን ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን ከጨረታ ኮምፒውተር ገዝተው መጡ፤ ስክሪን ግን የለውም። ስክሪኑን ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶታል። ስክሪን እስኪገኝ ስድስት ወር ሙሉ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማሽኑን እየከፈቱ ጩኸቱን ያዳምጡ ነበር። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሁለት እብዶች ሬዲዮ አጥተው!» ትል ነበር። ስክሪኑ ሲገኝ መጀመሪያ ያዩት ጌም «ዘጠኝ ድልድዮች» ነበር። የጦርነት ጌም ነው። ልጅቷ ስንቴ እንደጨረሰችው ለራሷም ጠፍቷታል።

እነሆ ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ የዚህኑ ጌም ባለመብት አገኘ። ደንበኞች ለሦስት ዓመት ሲለምኑት የኖሩት ጌም ነውና የሚወጣበት ሐሙስ ወዲያው ታወጀ። ሰዓት ሠሪዋ ጊዜውን አስተካከለች፤ ሻምበል ባርኔጣቸውን ሰቀሉና ዘመቻ ጀመሩ። ለሦስት ሳምንት ደብተራቸው በወንዝና በኮረብታ ሞላ። ከዚያ አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ደረሱ።

ምድር ቤት ነው። አንድ ምርኮኛ ወንበር ላይ ታስሯል። ከዘጠኙ ድልድዮች ፈንጂ የተቀበረበት የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከሥር እንዲህ ይላል፦ «እስኪናገር ረጅሙን ቁልፍ ምታ።»

ሰዓት ሠሪዋ በልጅነቷ በዚህ ክፍል ስንቴ አልፋለች! ያን ጊዜ ግን የጨረታው ማሽን ለጌሙ ፈጣን ነበር፤ የኪቦርዱን ረጅም ቁልፍ ጣቷ እንደነካው ክፍሉ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ምን እንዳለበት አይታ አታውቅም። አሁን፣ ጊዜው በእሷው እጅ ልኩን ካገኘ በኋላ፣ ያ ብልጭታ አራት ደቂቃ ሆነ። ቁልፉ ሲመታ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፤ የሰውየው ራስ ይወድቃል፤ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ይጠብቃል። እንደገና።

ሻምበል አንዴም አልመቱም። እጃቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ይህን ማን አስገባው?»

«ማንም አላስገባውም አባዬ። የነበረ ነው። እኔ ጊዜውን ብቻ ነው ያስተካከልኩት።»

«ሌላ መንገድ አለው?»

«የለውም።»

«አልመታም ካልኩስ?»

«እዚሁ ትቆማለህ።»

ምርኮኛው ስክሪኑ ላይ እየተነፈሰ ይጠብቃል። ከዚያ ሻምበል ደብተራቸውን አጠፉ፣ ሁሉንም በየተራ «ደህና ዋሉ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ወረዱ። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሚስማሩ ባዶ ነበር። በሦስተኛውም ቀን።

ቢሮው በክርክር ተሞላ።

«ይቆረጥ!» አለ ማስታወቂያ። «ይህን ምን ብዬ ልጻፈው? ‹በገዛ እጅዎ የሚገርፉበት› ልበል?»

«ጦርነት ነው እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ድልድዩ ላይ ስንት ሰው አለ? አንድ ሰው ተመትቶ ሺህ ሰው ቢተርፍ፣ አንተ ብትሆን አትመታም?»

«እኔ ትንኝ ስገድል ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ነኝ።»

«እናትህ ድልድዩ ላይ ብትሆንስ?»

«እናቴን ከድልድይ ላይ ምን አወጣት? ጉልበቷን ያማታል!»

በመደብሩ ገጽ ላይ ደንበኞችንም ጠየቁ፤ እሳት ላይ ቤንዚን አርከፈከፉ ማለት ነው። አንዱ «ታሪክ አይሰረዝም» ይላል። ሌላው «ልጄ ፊት አልከፍተውም» ይላል። ሦስተኛው የጦር ሕግ አንቀጽ ይጠቅሳል። አራተኛው የሁሉንም ጭቅጭቅ ዘሎ «ጌሙ በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» ይላል።

ሰዓት ሠሪዋ ሁሉንም ሰማች። ለእሷ ግን ነገሩ ሁሉ ያ ባዶ ሚስማር ነበር። አባቷ ቤት ውስጥ እንደ ወትሮው ናቸው፤ ይበላሉ፣ ሳህን ያጥባሉ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ። ስለ ጌም ግን አያነሱም፤ ደብተራቸውም ከመሳቢያ አይወጣም። ከዚያ ወንበር ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ አለች። በዚያው ቀን ቢሮ ውስጥ ካርዷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለጠፈቻትና፣ ዕድሜዋን ያላደረገችውን አደረገች፦ ምድር ቤቱ ላይ በር ጨመረች። መምታት ያልፈለገ ተጫዋች በቀኝ በኩል ገፍቶ ይወጣል፤ ዘመቻው ይቀጥላል።

እሑድ ጠዋት ሻምበል ወጥ ቤት ውስጥ የተሰበረ በርጩማ በሙጫ ያጣብቃሉ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«አባዬ፣ ናማ እይ። በር ሠራሁልህ።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ወታደሩ በሩን ገፍቶ ወጣ። ፀሐይ፣ መንገድ፣ ወንዝ።

«ሰውየውስ?» አሉ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ወንበሩ ላይ ያለው። እኔ ስወጣ እሱ ምን ይሆናል?»

አላሰበችበትም። «ምንም። ተጫዋቹ ሲወጣ ክፍሉ ከማሽኑ ይጠፋል።»

«እንዲህማ ቢሆን ጥሩ ነበር።» በርጩማውን በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ ቀሩ፤ ሙጫው እስኪይዝ መልቀቅ አይቻልማ። «እኔ ሰው መትቼ አላውቅም ልጄ። በር ላይ ነው የቆምኩት።»

እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኩለ ቀን ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውስጥ ሁለት አለቆች አንድ እስረኛ ይዘዋል፤ መሣሪያ የቀበርክበትን አውጣ ነው የሚሉት። አላውቅም አለ። እኔ እንጃ፣ እኔ አምኜዋለሁ፤ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ? ኋላ ተናገረ። ከትልቁ ዛፍ ሥር አለ። ሄደን ቆፈርን። እኔም ቆፍሬያለሁ። ድንጋይ። ተመለሱበት። ከማዶው ዛፍ ሥር አለ። ቆፈርን። ድንጋይ። ዛፍ እስኪያልቅ ተናገረልሽ። ዱላ ሲበዛ ሰው የሚናገረው የሚያውቀውን አይደለም፤ የፈለግሽውን ነው።»

«ከዚያስ?»

«ተረኛ ተቀየረ። እኔ ሄድኩ።»

አባቷ መናፈሻ ሲሄዱ ዛፍ ጥላ ሥር የማይቀመጡት ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባት። ሁልጊዜ «ወገቤን ያመኛል» ብለው የፀሐዩን አግዳሚ ይመርጡ ነበር።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ» አሉ ሻምበል። «በር ላይ የቆመውን ግን ተረቱም የረሳው ይመስለኛል።»

ሙጫው ያዘ።

«በሩን አንሺልኝ» አሉ። «ያኔም በር ነበረ፤ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ያላስወጣሁበትን በር ዛሬ እኔ ብቻ ልውጣበት?»

«ታዲያ ክፍሉን ልቁረጠው?»

«አንቺ? ከመቼ ወዲህ?» ፈገግ አሉ። «ይልቅ ንገሪኝ፣ ይሄ ሰውዬ መጨረሻ ላይ እውነቱን ነው የሚናገረው?»

ኮዱን አንብባዋለች። «ሁልጊዜ። እንዲዋሽ ተደርጎ አልተሠራም።»

«እንግዲህ ውሸቱ እሱ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ይህን ስታብላላ ዋለች። የሰውየውን መልስ ብትለውጠው ጌሙ የእሷ ይሆናል፤ የሠሪዎቹ መሆኑ ይቀራል። እንደዚህ ያምኑ እንደነበር መታየት አለበት። ግን ለዚህ ውሸት ምላሽ ሳይሰጡ መሸጡ ደግሞ በር ላይ መቆም መሰላት። ሰኞ ጠዋት ከጌሙ ጋር የሚወርደውን የዱሮ መመሪያ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ ስታነሳ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ እጇ ቆመ። ድሮ መመሪያ መጽሐፎች እንደዚያ ነበሩ፤ መጨረሻቸው ላይ ለተጫዋቹ መጻፊያ ባዶ ገጽ ይተዉ ነበር። ከላይ «ማስታወሻ» ይላል፤ ከሥሩ መስመር ብቻ። ሠሪዎቹ ራሳቸው፣ ያኔውኑ፣ ለተጫዋች የተዉት ቦታ!

ገጹን በወረቀት አትማ ለአባቷ ወሰደችላቸው።

«አባዬ፣ ተጫዋቹ አንተ ነህ። ያየኸውን ጻፍ።»

ሻምበል ግማሽ ቀን ጻፉ። ከጻፉት የሰረዙት ይበልጣል። የቀረው አሥራ አንድ መስመር ነው፤ በሩ፣ ፀሐዩ፣ ዛፎቹ፣ ድንጋዩ። ማንንም አልሰደቡም፤ ራሳቸውንም አላሞገሱም። ከሥሩ የፈረሙትን አይታ ቀና አለች።

«አሥር አለቃ? ሻምበል አይደለህም እንዴ?»

«ጎረቤት ነው የሾመኝ። ስጦታ አይመለስም ብዬ ዝም አልኩ።» እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። «አሁን ግን እንደነበረ ይጻፍ።»

ረቡዕ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ገጹን ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ ደገመው። «ግን ድልድዩ ላይ...» ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። «ይግባ» አለ። ሰዓት ሠሪዋ የሠራችውን በር አጠፋች፤ ካርዷንም ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ማስታወቂያም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር መግለጫ ጻፈ፦ «ጌሙ እንደነበረ ነው። የመመሪያውን የመጨረሻ ገጽ መጀመሪያ ያንብቡ።»

ሐሙስ ጌሙ ወጣ። ደንበኞች ጭቅጭቃቸውን ቀጠሉ፤ አሁን ግን ብዙዎቹ የሚከራከሩት ስለ ዛፎቹ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ ሚስማሩ ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል። ማንም የለም።

ዓርብ፣ የቁልፍ ቀራጩ ማሽን ከሥር ሲያፏጭ፣ ደረጃው አንድ ባንድ ሲረገጥ ሰማች። ባርኔጣው ሚስማሩ ላይ ሰፈረ።

«ሻም...» አለ ማስታወቂያ፤ ዋጠው፤ ብድግ አለ። «አሥር አለቃ! እንኳን ደህና መጡ!»

«ማዕረግ ከቀነስክ ሻይ ጨምር።»

ተቀመጡ። ደብተሩ ሲገለጥ ሰዓት ሠሪዋ ሰርቃ አየች። የአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ካርታ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ መሐሉ ላይ ወንበር፣ በሩ ላይ ደግሞ ባርኔጣ ያደረገ ትንሽ ሰው። ከዚያ ወዲያ መስመር የለም። አባቷ ያንን ገጽ ሳይቀድዱት ገለጡና ለሌላ ጌም አዲስ ገጽ ጀመሩ።

«ይሄኛው ውስጥ ሰው የሚጠየቅበት ክፍል አለ?»

«የለም አባዬ። ባቡር ብቻ ነው። ሐዲድ፣ ጣቢያ፣ መንገደኛ።»

«ጊዜውን አስተካክለሽዋል?»

«አስተካክያለሁ።»

ባቡሩ ከስክሪኑ ጫፍ ብቅ አለ፤ በጣም በቀስታ።

«ይዘገያል።»

«ዱሮም እንዲህ ነበር።»

«ይሁና» አሉ፤ ወንበራቸውን ወደሷ ትንሽ ጠጋ አደረጉ። «እንጠብቀዋለን።»