እጅ ያልገባበት ጆንያ

በርበሬ ተራ ውስጥ ፋናዬን «ጠርጣሪት» ይሏታል። ክንዷን እስከ ብብቷ ሳታስገባ አንድም ጆንያ ገዝታ አታውቅም፤ ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ አድርጎ መሙላት የነጋዴ ዓመል ነዋ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች፤ ሰውንም የምትገዛው እንዲሁ ነው።

ሰሞኑን የምትጠረጥረው አንድ ልጇን እምነትን ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ የጠፈር ሳይንስ ትማራለች። ስልክ ሲደወልላት ውጭ ወጥታ ታወራለች፤ ስትመለስ እናቷን ቀና ብላ አታይም። ፋናዬ «ወንድ ነው» ብላ ደመደመች። ጥሩ ልጅ ናት ደግሞ፤ ባለፈው ወር እናቷ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ስትመረመር፣ ውጤቱን ተቀብላ «ደህና ነው» ያለቻት እሷ ናት። ፋናዬም ለወጉ እንኳ ሳትጠረጥር እፎይ ብላ ተቀብላታለች።

አንድ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ በርበሬ እየቀነጠሱ አፋጠጠቻት።

«እዚያ ትምህርት ቤት የምትሠሩት ምንድን ነው?»

«የጨረቃን ስበት እናጠናለን፣ እማዬ።»

«ማን ወጥቶ?»

«ማንም። መንኮራኩር ይዞራታል። ከሥሩ ከባድ ነገር የተቀበረበት ቦታ ሲደርስ ጨረቃ ሳብ ታደርገዋለች፤ ፍጥነቱ ይለወጣል። ያኔ የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ትንሽ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ከምድር ሆነው ይከታተሉታል፤ እኛ የተቀዳውን እናሰላለን።»

«እጅ ሳይገባ?»

«እጅ ሳይገባ።»

«ሂጂ ወዲያ፣ ውሸታም!» አለች ፋናዬ። ነገሩ ግን ከጆሮዋ አልወጣም።

ሰኞ ዕለት ከሱቋ ደወለችላት። ቀጥታ አልጠየቀችም፤ ዙሪያውን ዞረች።

«የሶማሌ ተራው አሚር ይደውልልሻል አሉ?»

እምነት ከልቧ ሳቀች። ስለ ፈተናዋ ጠየቀቻት፤ ድምጿ ያው ነው። ስለ ጓደኞቿ ጠየቀቻት፤ ያው ነው። ፋናዬ ተስፋ ቆርጣ ልትዘጋው ስትል፣ ለወሬ ማሳረጊያ ያህል፣ «ለመሆኑ ያ ሐኪም ምን ነበር ያለሽ?» አለች።

የእምነት ድምፅ ቀጠነ።

«ደህና... ደህና ነው አለ እኮ፣ እማዬ።»

ፋናዬ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም፤ ሐኪም ለቤተሰብ ይናገራል፣ ቤተሰብ ይደብቃል። የባሏን ሕመም እስኪሞት ድረስ ከራሱ ደብቃ ያስታመመችው እሷው ናት። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ፣ ልጄ። ተመስገን ነዋ» አለች፣ የራሷ ድምፅ እንዳይቀጥን እየተጠነቀቀች።