የተኮላተፈው እጅ

ዳርቱ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስብከት በምልክት ቋንቋ ማስተርጎም ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በአዘቦት ቀን ደግሞ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጉዳይ ሲገጥማቸው በቪዲዮ ይደውሉላታል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ውስጥ ስልኩን ግድግዳ አስደግፋ፣ ቀኝ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ስታስተረጉም ትውላለች።

ጥቅምት ላይ ክርኗን ያማት ጀመር። ቆይቶ የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ደነዘዙ። ያልፋል ብላ ለማንም አልተናገረችም።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወይዘሮ ክብረት ጠበቋት። ከልጅነታቸው ጀምሮ የማይሰሙ፣ ስድሳ ያለፋቸው ልብስ ሰፊ ናቸው።

«ሰባኪው ዛሬ ምን ሆኖ ነው የሚኮላተፈው?» አሏት በእጃቸው።

«ኧረ ደህና ነው የተናገረው።»

«እንግዲያው አንቺ ነሽ። ትንሿ ጣትሽ አልዘረጋም እያለች ፊደል ትበላለች። ሦስት ሳምንት ሆነሽ። ቅር እንዳይልሽ ብለን ዝም አልን።»

ዳርቱ አፈረች። ለካ የደበቀችው ከራሷ ብቻ ኖሯል።

ማክሰኞ መገናኛ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ክርኗን በውስጥ በኩል መታ መታ ሲያደርገው እስከ ጣቷ ጫፍ ነዘራት።

«እዚህ ጋ የሚያልፈው ነርቭ የተቆጣ ይመስለኛል» አላት። «በመሣሪያ እናየዋለን። እስከዚያው ክርንሽን አትደገፊበት፤ ስትተኚም ፎጣ ጠቅልለሽበት ሳይታጠፍ ይደር።»

«ማስተርጎሙስ?»

«ለጊዜው አሳርፊው።»

እሷን የሚተካ ሰው አንድ ብቻ ትዝ አላት፤ ሰላሙ። እናት አባቱ መስማት የተሳናቸው የባንክ ሠራተኛ ነው።

«ልጅነቴን በሙሉ በየቢሮው ሳስተረጉም ነው ያሳለፍኩት» አላት። «ጨርሻለሁ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። ባይቸግረኝ አልጠይቅህም ነበር።»

እሑድ ግን ሰላሙ መጥቶ አስተረጎመ። ዳርቱም ከወይዘሮ ክብረት ጎን ተቀመጠች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስብከትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳመጠችው ያን ቀን ነው፤ ሌላ ጊዜ ቃሉን ከአፍ ወደ እጅ ለማሻገር ስትጣደፍ ለራሷ የሚተርፋት ነገር አልነበረም።

ምርመራው ነርቩ ክርኗ ላይ መጨናነቁን አሳየ። ከሁለት ወር በኋላ ሕመሙ ለቀቃት፤ የቀለበት ጣቷ ስሜት ተመለሰ። የትንሿ ጣት ጫፍ ግን እስካሁን ድንዝዝ ነው፤ ሐኪሙም ጊዜ ይወስዳል ከማለት ሌላ ቃል አልገባላትም። አሁን ከሰላሙ ጋር እየተፈራረቁ ያስተረጉማሉ። ተራዋ ባልሆነ እሑድ ዳርቱ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች።